ምዕራፍ 4፦ የወረደበት መንገድ

አጎቴ በግ ሲያርድ ሁለት ቢላ ይዞ ነው የሚወጣው። አንዱ ለማረጃና ለመግፈፊያ፣ ሌላው፣ አጭሩና በደንብ የተሳለው፣ ለሆድ መክፈቻ። በጉ ከግቢው ዛፍ ላይ በኋላ እግሮቹ ተሰቅሎ ቆዳው ሲገፈፍ ጋሼ ይቸኩላል፤ በቆዳውና በሥጋው መካከል ጡጫውን አስገብቶ እየገፋ፣ እያወራ፣ እየሣቀ ይጨርሰዋል። ሆዱ ዘንድ ሲደርስ ግን ወሬው ይቆማል። ጨጓራ ከተወጋ ፈርሱ ሥጋው ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ከቢላው ጫፍ ሥር እያስቀደመ በቀስታ ይከፍታል።

እኔን የሚገርመኝ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ነበረች። ቢላው ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ እንደከፈተ ነጭ ሞራ በቀዳዳዋ ብቅ ትላለች። ማንም አልጎተታትም። ጋሼ በአውራ ጣቱ ሲገፋት ትመለሳለች፤ ጣቱን ሲያነሣ እንደገና ትወጣለች። ልጅ ሳለሁ ይህን ሳይሰለቸኝ አይ ነበር፤ እሱም ለእኔ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግምልኝ ነበር።

ሄርኒያ ማለት ይኸው ነው። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ይኖራል፣ ከውስጥ የሚገፋ ነገር ይኖራል፣ የሚገፋው በቀዳዳው ይወጣል። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው። ቀዳዳው የት ነው? ማን ከፈተው? በዚያ ያለፈው ነገር ተመልሶ መግባት ይችላል ወይስ አይችልም? የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚመልሰው በስሕተት ነውና።

አንድ ፋሲካ ጋሼ ቢላውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠው። ራሱ ጋቢ ተከናንቦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ «ወደዚህ፣ ቀስ፣ ጣትህን አስቀድም» እያለ መራ። ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር ብሽሽቱ ላይ ነበር። ባሳለ ቁጥር እጁ ሲጠብቅ ይታየኛል። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። የሰው ነገር «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ የሚታለፍበት ቤት ነው ያደግሁት። የእሱ ጣጣ ግን ሆዱ ራሱ መያዝ ያቃተው ነገር ነበር።

ከግድግዳው እንጀምር። የሰው የሆድ ግድግዳ ጋሼ ከሚከፍተው የበግ ሆድ በጣም የራቀ አይደለም። ከቆዳው ሥር ስብ አለ፤ በአንዳንዳችን ስስ፣ በአንዳንዳችን የተትረፈረፈ። ከስቡ ሥር፣ በጎንና በጎን፣ ሦስት ሰፋፊ ጡንቻዎች ተደራርበው ተነጥፈዋል። የላዩ ጡንቻ ክሮች ወዴት እንደሚሮጡ ለማወቅ ሁለት እጅን ኮት ኪስ ውስጥ መክተት ይበቃል፤ ክሮቹ ጣቶቹ ወደሚያመለክቱበት፣ ከጎድን አጥንት ወደ ታችና ወደ መሃል ይወርዳሉ። የመካከለኛው ጡንቻ ይህን አቋርጦ በተቃራኒው ይወጣል። የውስጠኛው ደግሞ እንደ መቀነት አግድም ይዞራል። አናጺዎች ኮምፔርሳቶ የሚሉት ሳንቃ ጥንካሬው የሚመጣው ስስ ገበታዎቹ ክራቸው እየተጣመደ ስለተለጠፈ ነው፤ አንዱ በሚሰነጠቅበት አቅጣጫ ሌላው ይይዘዋል። ሆዳችንም በዚሁ ዘዴ የተሠራ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ልዩነቱ መታጠፍ፣ መሳቅና ማርገዝ መቻሉ ነው።

ከፊት ለፊት፣ ከደረት ሥር እስከ ብልት አጥንት፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ጂም የሚውሉ ወጣቶች በመስተዋት የሚያደንቋቸው እነዚህን ነው። በሁለቱ መካከል ሥጋ የለም። የግራና የቀኝ ሦስቱ ጡንቻዎች ነጭ ጅማት ሆነው መጥተው መሃል ላይ ይገጥማሉ፤ ስፌቱ «ነጩ መስመር» ይባላል። ቀዶ ሐኪም ሆድን በቁመት ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ይህንን ነው፣ ደም ስለማይበዛበት። ደም የማይበዛበት ቦታ ግን ሲድንም እንደ ሥጋ አይድንም። ስለዚህም በቁመት ሆዳቸው ከተከፈተ ሰዎች መካከል ከጊዜ በኋላ በጠባሳው በኩል ሄርኒያ የሚያወጡ ጥቂቶች አይደሉም።

ከጡንቻዎቹ ሁሉ በስተውስጥ አንዲት ስስ ገለፈት አለች። ሐኪሞች ፔሪቶኒየም ይሏታል፤ ጋሼ «ያቺ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለችው» ይላታል፣ ልክ ነው። እርጥብና አንጸባራቂ ናት። የሆድ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ሳይተሻሹ የሚንሸራተቱት በእሷ ምክንያት ነው። ሄርኒያ ሲወጣም ብቻውን አይወጣም፤ ይህችን ገለፈት እንደ ከረጢት እየገፋ፣ እየለበሳት ይወጣል።

ከሆድ ዕቃ ሁሉም አይወጣም፤ የታሰረና ያልታሰረ አለ። ኩላሊትና ቆሽት ከጀርባ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ። ጉበት በቀኝ ጎድን ሥር፣ ጣፊያ በግራ ጎድን ሥር ቦታ ይዘዋል። ትንሹ አንጀት ግን ተንጠልጣይ ነው። ከሬሳ ተወስዶ ሲለካ ወደ 6 ሜትር ይደርሳል፤ ከጀርባ ጋር የሚያገናኘው ገለፈት ሥሩ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሽንሽን ቀሚስ ያየ ሰው ይህን ይገባዋል፤ ወገቡ ላይ አንድ ጠባብ ክር፣ ታች ሲደርስ የማያልቅ ጨርቅ። ይህን ያህል እጥፋት ያለው ነገር ክፍት ቦታ ካገኘ አንዱ እጥፋት ሾልኮ መግባቱ አይቀርም። ሌላው ልቅ ነገር ሞራ ነው። ሞራ ከጨጓራ ላይ እንደ ነጠላ ተንጠልጥሎ አንጀትን ፊት ለፊት ይሸፍናል፤ የተቆጣ ወይም የተበሳ ቦታ ካለ ሄዶ ይለጠፍበታል፣ ይከበዋል። አባቶች ሞራ ዘርግተው መጪውን ያነብቡ ነበር። ሐኪሞችም በመንገዳቸው ያነብቡታል፤ ሆድ ሲከፈት ሞራው የተጠቀለለበት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ በሽታው ያለበትን ያመለክታል። በሄርኒያ ከረጢቶች ውስጥ ከሚገኙት ነገሮች እነዚህ ሁለቱ፣ ሞራና ትንሹ አንጀት፣ ቀዳሚዎቹ ናቸው።

የሚገፋቸው ደግሞ ግፊት ነው። ጋደም ብሎ ያረፈ ሰው ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢሆን ነው። ያው ሰው ቆሞ አጥብቆ ሲያስል ከ100 ያልፋል። ከላይ ድያፍራም፣ ከታች የዳሌ ወለል ጡንቻ፣ ከዙሪያ ያ ኮምፔርሳቶ አንድ ላይ ሲጨብጡ ግፊቱ መውጫ ይፈልጋል። ምጥ፣ ሳል፣ ማስነጠስ፣ ሰገራ ማማጥ፣ ሁሉም የሚሠሩት በዚህ ጭበጣ ነው። ግድግዳው የትም ቦታ እኩል ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ይህ ምዕራፍ አይጻፍም ነበር።

እኩል አይደለም፤ ምክንያቱም በሮች አሉት። ሰውነት ራሱ፣ ለራሱ ጉዳይ፣ የከፈታቸው በሮች።

ትልቁ በር ያለው ብሽሽት ላይ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እናት ማህፀን ውስጥ ነው። የወንድ ልጅ ቆለጥ የሚፈጠረው አሁን ባለበት ቦታ አይደለም፤ ላይ፣ ኩላሊት አጠገብ ነው። ዘር በደንብ የሚፈራው ግን ከቀረው ሰውነት ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ነው። ስለዚህ ጽንሱ ሰባትና ስምንት ወር ሲሆነው ቆለጦቹ የደም ሥራቸውንና የዘር ቱቧቸውን እየጎተቱ፣ የብሽሽትን ግድግዳ አቋርጠው ወደ ከረጢታቸው ይወርዳሉ። ከፊታቸው ያቺ የሽንኩርት ልጣጭ እንደ ጓንት ጣት ተስባ ትወርዳለች። ሥራው ሲያልቅ ጣቷ መደፈን አለባት። በብዙዎች ትደፈናለች። ባልተደፈነችባቸው ልጆች ግን ከሆድ እስከ ቆለጥ ከረጢት ክፍት መተላለፊያ ይቀራል። በመተላለፊያው ውኃ ብቻ ከወረደ የቆለጥ ዙሪያ ውኃ ይሆናል፣ አንጀት ከወረደ ሄርኒያ ይሆናል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ላይ የሚበዛው በሩ ሳይዘጋ ስለወጡ ነው። በቀኝ በኩል የሚበዛውም የቀኙ ቆለጥ ከግራው ዘግይቶ ስለሚወርድና በሩ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ነው።

አማርኛ ይህን በሽታ ቡአ ይለዋል፤ ያዘው አይልም፣ «ቡአ ወረደው» ይላል። ይህን ግስ ማን እንደመረጠው አላውቅም፤ የትኛውም የሕክምና መምህር ግን ከዚህ የተሻለ አይመርጥም። የወረደው አንጀት የሚከተለው ቀድሞ የወረደውን የቆለጥን ፈለግ ነውና።

ያ መተላለፊያ በአዋቂ ሰው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። አሠራሩ ብልህ ነው። የውስጡ በርና የውጪው በር ፊት ለፊት አይተያዩም፤ መንገዱ በሦስቱ ጡንቻዎች መካከል ሸርተት ብሎ፣ አግድም ነው የሚያልፈው። ሰው ሲያስል ጡንቻዎቹ ይጨብጣሉ፣ ጣሪያው ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ መተላለፊያውም እንደተጫኑት የፕላስቲክ ቱቦ ጥፍጥፍ ይላል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር በሩ ይጠብቃል ማለት ነው። አብዛኞቻችን ዕድሜ ልካችንን ስናስል ኖረን ምንም የማይወርድብን በዚህ ዘዴ ነው። ሴቶችም መተላለፊያው አላቸው፤ የሚያልፍበት ግን አንድ የማህፀን ጅማት ብቻ ስለሆነ ጠባብ ነው። በእንግሊዝ በተሠራ አንድ የታወቀ ስሌት መሠረት በዕድሜያቸው የብሽሽት ሄርኒያ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ከ100 ወንዶች 27ቱ ሲሆኑ ከ100 ሴቶች ግን 3ቱ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ያ የቆለጥ ጉዞ ነው።

በዕድሜ የሚመጣው ዓይነት ደግሞ በአሮጌው መንገድ አይሄድም። ከመተላለፊያው ጀርባ ያለው ግድግዳ ጡንቻ የሌለበት፣ ስስ ጅማት ብቻ የሆነበት አንድ ቦታ አለ። ዓመታት ሲያልፉ ያ ጅማት ይላላል፤ ሲጋራ ያፋጥነዋል፣ የማይለቅ ሳል ይገፋዋል፣ በፕሮስቴት እብጠት የተነሣ ሽንት ለመሽናት ማማጥ ይጨምርበታል። አንጀቱ በጎን መንገድ ሳይዞር በቀጥታ ወደፊት ያብጣል። ይህኛው ብዙ ጊዜ ወደ ቆለጥ ከረጢት አይወርድም፤ አፉ ሰፊ ስለሆነም የመታነቅ ዕድሉ ያነሰ ነው።

ጋሼ በኋላ ላይ ሲጠየቅ የመለሰው «የጤፍ ጆንያ አንሥቼ ነው» ብሎ ነበር። ቀኑን፣ ጆንያውን፣ የጫነበትን ጋሪ ሳይቀር ያስታውሳል። ሁሉም ሕመምተኛ እንዲህ ያለ ጆንያ አለው። እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ነበር። ጆንያው ንጹሕ ነው አልልም፤ ያን ዕለት ግፊቱ ከፍ ብሎ በሩን በርግዶት ይሆናል። በሩን የሠራው ግን ጆንያው አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ኩንታል የተሸከሙ ወዛደሮች ብዙዎቹ አይወርድባቸውም፤ ከእስክርቢቶ የከበደ አንሥተው የማያውቁ ጸሐፊዎች ደግሞ ይወርድባቸዋል። ነገሩ የሚታወቀው በሸክም ቀን ስለሆነ ሸክሙ ይከሰሳል። ሰውየውም «ለምን አነሣሁት» እያለ ራሱን ሲወቅስ፣ ጥፋቱን ሲደብቅ ይኖራል።

ሁለተኛው በር እምብርት ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ምግብና አየር የገባበት ቀዳዳ በአንድ ቀን አይደፈንም። በአፍሪካ ልጆች ላይ እምብርት ሲያለቅሱ ወጣ ብሎ መታየቱ በጣም የተለመደ ነው፤ አብዛኛው አራትና አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ራሱ ይዘጋል። ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልሎ እምብርት ላይ ማሰር የሚታወቅ ዘዴ ነው። ከታሰረላቸው ልጆች አብዛኞቹ ስለሚድኑ ሳንቲሙ ይመሰገናል፤ ባይታሰርላቸውም ይድኑ ነበር። ሳንቲሙ ያተረፈው ነገር ቢኖር የቆዳ ቁስልና አንዳንዴ ኢንፌክሽን ነው።

ሦስተኛውን በር ብዙ ሰው ስሙን እንኳ አልሰማም። ከብሽሽት እጥፋት ዝቅ ብሎ፣ ከጭን የሚወጣው ትልቁ የደም መልስ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍት ቦታ አለች፤ እግር ሲለፋ ያ ደም መልስ የሚሰፋባት ትርፍ ቦታ ናት። በሴቶች፣ በተለይም በዕድሜ በገፉት፣ አንጀት በዚህች ሊወጣ ይችላል። እብጠቷ ትንሽ ናት፤ የንፍፊት እብጠት ትመስላለች፤ በወፍራም ሰው ጭራሽ አትታይም። ዙሪያዋ አጥንትና ጅማት ስለሆነ ግን አትለጠጥም፤ የገባባትን ታንቃለች። ሴት አያት ድንገት ማስመለስ ጀምራ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ሁሉም ምግብ ሲወቅስ፣ ብሽሽቷን ገልጦ ያየ ሰው ባለመኖሩ የሞተችበት ቤት ጥቂት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ጨዋነታችን ገዳይ ነው።

መታነቅ እንዴት እንደሚሆን ትንሽ እንቆይበት። አንድ የአንጀት እጥፋት በጠባብ አፍ ወጥቶ ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጨፈለቀው ደም መልሱ ነው፤ ግድግዳው ስስ፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ስለሆነ። ደም ወሳጁ ጠንካራ ስለሆነ ማስገባቱን ይቀጥላል። የሚገባው ደም መውጫ አጥቶ እጥፋቱን ያሳብጠዋል፤ ማበጡ አንገቱን ይበልጥ ያጠብበዋል፤ በመጨረሻ ደም ወሳጁም ይዘጋል። ሐምራዊ የነበረው አንጀት ጥቁር ይሆናል። ይህ ሁሉ በሰዓታት ነው የሚያልቀው። ትናንት ጋደም ሲሉ ይመለስ የነበረው እብጠት ዛሬ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ሲነካ ካመመ፣ ማስመለስ ከጀመረ፣ ፈስና ሰገራ ከቆመ፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚኬደው ያኔውኑ ነው። በጉልበት እየጫኑ ለመመለስ መታገልም አደገኛ ነው፤ የሞተ አንጀት ወደ ሆድ ተመልሶ ሊፈነዳ ይችላል።

ሐፍረት ደግሞ የድሃ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ ሚስት ንግሥት ካሮላይን የመጨረሻ ልጇን ከወለደችበት ከ1724 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእምብርት ሄርኒያ ነበራት። ለባሏ ካልሆነ ለማንም አልተናገረችም፤ እሱም እንዲደብቅላት ታስገድደው ነበር። ኅዳር 1737 እ.ኤ.አ. በሆድ ቁርጠት ስትወድቅ ሐኪሞቿ መጠጥና መድኃኒት ያቀርቡላት ነበር። ንጉሡ ምሥጢሩን እስኪያወጣው ድረስ ቀናት አለፉ። ሐኪሞቹ ገልጠው ሲያዩ አንጀቷ ታንቆ ነበር። በቢላ ሞከሩ፤ አንጀቱ በቁስሉ ፈነዳ። በ54 ዓመቷ፣ በቤተ መንግሥት፣ የአገሪቱ ምርጥ ሐኪሞች አልጋዋን ከበው ሞተች።

የሚያስቆጨው፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1735 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ለንደን ውስጥ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። የንጉሡ ቀዶ ሐኪም የነበረው ክላውዲየስ አሚያንድ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ብሽሽት ከፈተ። ልጁ በሕፃንነቱ የወረደበት ሄርኒያ ነበረው፤ ከረጢቱም እየመገለ ይፈስ ነበር። አሚያንድ ውስጡ ያገኘው ትርፍ አንጀት ነው፤ ትርፍ አንጀቱን ደግሞ ልጁ የዋጠው ስፒል ወግቶታል። ቆርጦ አወጣው። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ልጁ ዳነ። በታሪክ ተመዝግቦ የምናውቀው የመጀመሪያው የተሳካ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ይህ ነው፤ የተደረገውም ሄርኒያ ውስጥ ነው። ስሙ ያልደመቀ ልጅ ብሽሽቱን ለሐኪም አሳይቶ ተረፈ።

ሄርኒያን ከፍቶ ማውጣትና ማሰር ጥንትም ነበረ። ችግሩ መመለሱ ነበር፤ ከረጢቱ ታስሮ በሩ ክፍቱን ይቀራልና። ይህን የለወጠው ሰው በሩን በራሱ ገላ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ጣሊያናዊው ኤዶአርዶ ባሲኒ በ1867 እ.ኤ.አ. ከጋሪባልዲ ወገን ሆኖ ለሮም ሲዋጋ ቀኝ ብሽሽቱን በሳንጃ ተወጋ። አንጀቱ ተበስቶ ሰገራ በቁስሉ እየፈሰሰ ወራት ታመመ፣ ተረፈ፣ ከዚያም ፓዱዋ ላይ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። በ1880ዎቹ ያደረገው ነገር ዛሬ ሲታይ ቀላል ይመስላል። መተላለፊያውን ከዳር እስከ ዳር ከፈተ፣ ከረጢቱን አስወገደ፣ ከዚያም የጀርባ ግድግዳውን ጡንቻዎቹን ከጅማቱ ጋር በመስፋት እንደገና ሠራው። ከዘር ቱቦው በስተኋላ አዲስ ግድግዳ፣ ከፊቱ ደግሞ የተመለሰ ሽፋን። በ1890 እ.ኤ.አ. 262 ቀዶ ሕክምናዎቹን በዝርዝር ሲያሳትም የተመለሰባቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የባሲኒ ስፌት አንድ ድክመት ነበረው፤ ውጥረት። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሁለት ጨርቆችን ጎትቶ የሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ ልብሱ ሲለበስ መጀመሪያ የሚፈታው እዚያ ነው። የተጎተተ ጡንቻም ክሩን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ካናዳ ውስጥ ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሄርኒያ ብቻ የሚያክም ሆስፒታል የሠራው ሹልዳይስ ግድግዳውን በአራት ረድፍ እየደረበ በመስፋት ውጥረቱን አከፋፈለ። ከዚያ የመጣው መፍትሔ ግን ማንኛዋም ልብስ ሰፊ ልትነግራቸው ትችል የነበረ ነው፤ ጨርቁ ካልደረሰ መጣፍ። በ1980ዎቹ የሎስ አንጀለሱ ኧርቪንግ ሊችተንስታይን ጡንቻውን መጎተት ትቶ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ መረብ በቀዳዳው ላይ አነጠፈ። ሰውነት በመረቡ ዓይኖች ውስጥ ጠባሳ ያበቅላል፤ በሳምንታት ውስጥ መረቡና ሥጋው አንድ ይሆናሉ።

መረቡ ውድ ነው። እሽጉ ከፈረንጅ አገር ሲመጣ አንዱ ከመቶ ዶላር በላይ ያወጣል፤ ይህ ለብዙ የአፍሪካ ሆስፒታል የማይታሰብ ነው። ሕንድ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ግን አንድ ቀን መረቡን ከአጎበር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ያው የፕላስቲክ ክር፣ ያው ዓይን ዓይን። ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ በእንፋሎት ከጀርም ከጸዳ ለምን አይሠራም? መድኃኒት የተነከረውን ማለቴ አይደለም፤ ያልተነከረውን። በምሥራቅ ዩጋንዳ የዩጋንዳና የስዊድን ሐኪሞች ነገሩን በደንብ ፈተኑት። 302 ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ለግማሾቹ የፋብሪካው መረብ፣ ለግማሾቹ የአጎበሩ ተሰፋላቸው። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲታተም ከአጎበሩ ወገን በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሄርኒያው ተመልሶ ነበር፤ ከሌላው ወገን በማንም ላይ አልተመለሰም። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአጎበሩ ዋጋ አንድ ዶላር ገደማ ነበር። በሕክምና መጽሔት ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተኝ ጥቂት ነው።

በእኛ አገር ገጠር ግን ከመረቡ በፊት የሚጎድለው የሚሰፋው ሰው ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጤና መኮንኖችን ለሦስት ዓመት አስተምሮ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የምጥ ኦፕራሲዮን እንዲሠሩ የማብቃቱ ሥራ የተጀመረው ለዚህ ነው። የታነቀ ሄርኒያ ይዞት በቃሬዛ የመጣ ገበሬ ዛሬ በወረዳው አቅራቢያ የሚከፍትለት ሰው ካገኘ፣ በአብዛኛው በእነዚህ ሰዎች ነው።

የወረደበት ሁሉ ቶሎ ይቀደድ ማለቴም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ 720 ወንዶችን በማሳተፍ የተደረገና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እብጠቱ እምብዛም የማያስቸግራቸው ወንዶች በሐኪም እየታዩ ቢቆዩ የመታነቅ አደጋው በጣም ትንሽ መሆኑን አሳይቷል፤ በዓመት ከ1,000 ሰው ወደ 2 ገደማ። ይሁንና እነዚያኑ ሰዎች 10 ዓመት ሲከታተሏቸው ከሦስት ሁለቱ በሕመም ምክንያት ራሳቸው «ስፉልን» ብለው መጥተዋል። መጠበቅ ይቻላል ማለት ነው፤ ሐኪሙ እያወቀ፣ ቤተሰቡም እያወቀ። የጭኑ ዓይነት፣ የሴቶችና የሕፃናት የብሽሽት ሄርኒያ ግን በዚህ ሒሳብ አይገቡም፤ እነሱ አይጠበቁም።

ጋሼ ደብቆ የቆየው 11 ዓመት ግን እንዲህ ያለ መጠበቅ አልነበረም። ከሚስቱ መቀነት የቆረጠውን ጨርቅ ብሽሽቱ ላይ እየጠፈረ ነው የቆየው። ያወጣችው ባለቤቱ ናት፤ መቀነቷን ስታጥብ ያለ ምክንያት እንዳላጠረ ገባት። አንድ ሆስፒታል ወሰድነው። ወጣቱ ሐኪም መጋረጃውን ስቦ «አባቴ፣ እስቲ ይቁሙና ያስሉ» አለው። ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። አሳለ። «እንደገና» አለው ሐኪሙ። አሳለ። «ይኸዋ» አለ ሐኪሙ፣ ጠፍቶበት የነበረ ዕቃ እንዳገኘ ሰው። ጋሼ ስለ ጤፉ ጆንያ ሊያስረዳው ጀመረ። ሐኪሙ ሰማው፣ ጓንቱን አወለቀና «ጆንያው ባይኖርም ይመጣ ነበር፤ ከእናትዎ ሆድ ይዘውት የወጡት ነው» አለው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

የጀርባ ማደንዘዣ ነው የተሰጠው፤ ስለዚህ ነቅቶ ነበር። በአረንጓዴው ጨርቅ ማዶ ሲሠሩ ቆይተው «አሁን የምትሰፋብኝ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «መረብ ነው አባቴ፣ አጎበር የመሰለ» አለው ሐኪሙ።

«እንግዲያ ከወገብ በታች ወባ አይዘኝም በለኛ» አለ ጋሼ። ነርሷ ስትስቅ መቀስ እንዳስጣላት ኋላ ላይ በኩራት ነግሮናል።

በሚቀጥለው ፋሲካ ሁለቱን ቢላዎች ይዞ ወጣ። ገፈፈ፣ አወራ፣ ሆዱ ዘንድ ሲደርስ ዝም አለ። ቀዳዳዋን ከፈተ፤ ሞራዋ ብቅ አለች። አሁን የእሱ የልጅ ልጅ ነበር አጠገቡ የቆመው፤ በአውራ ጣቱ መለሳት፣ ለቀቃት፣ መለሳት። የጢሱ ሽታ ጉሮሮውን ያዘውና ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ ሁለት ጊዜ አሳለ። ሁለቱም እጆቹ በጉ ላይ ነበሩ።